ማዕድ ይዞ መሄድ

ባለፈው ትምህርታችን ስለ አጽዋማት ተምረን ነበር። ዛሬ ደግሞ ስለ መብላት እንማራለን። ሳቃችሁ አይደል? ስለ ራሳችን መብላት ግን አይደለም። የዛሬው ትምህርታችን በእርጅና ወይም በሕመም ምክንያት ከቤታቸው መውጣት ላቃታቸው አባቶችና እናቶች ምግብ ስለ ማድረስ ነው።

ወደ ትምህርቱ ከመግባታችን በፊት ዐይናችሁን ጨፍኑ። ከቤታችሁ ተነሥታችሁ እስከ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ያለውን መንገድ በልባችሁ ተጓዙ። በየደጁ እያለፋችሁ «እዚህ ቤት ማን አለ?» በሉ። አሁን ንገሩኝ፤ በቅዳሴ የማታዩአቸው፣ በገበያ የማታዩአቸው፣ ለቅሶ እንኳ ሲሆን የማይወጡ አረጋዊ የሚኖሩበት ደጅ ስንት ነው? በክፍላችን ይህን ስጠይቅ ልጆቹ መጀመሪያ «የለም» አሉኝ። ቆይቶ አንዲት ልጅ «የኔታ፣ ከወፍጮው በላይ ያሉት እማማ» አለች። ከዚያ ሌላው አስታወሰ፤ ሌላውም አስታወሰ። አራት ቤት ሞላ። አራቱንም ቤቶች ልጆቹ በየቀኑ ያልፉባቸው ነበር።

እህል እያለ መራብ

ልጆች፣ «ራበው» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበን እህል ያጣ ሰው ነው። የወሎ ሽማግሌዎች የ1966ቱንና የ1977ቱን ችጋር ሲያነሡ ሰምታችኋል። ያ ዝናብ የጠፋበት፣ ጎተራ ባዶ የቀረበት ረኃብ ነበር። ዛሬ የምንነጋገርበት ረኃብ ግን ሌላ ነው። ጎተራው ውስጥ ጤፍ አለ፤ ጓዳ ውስጥ ሽሮ አለ፤ ሰውዬው ግን ይራባሉ።

ይህ እንዴት ይሆናል? እናታችሁ አንዲት እንጀራ ለማውጣት የምትሠራውን ቁጠሩ። እህሉ ይለቀማል፤ ወፍጮ ቤት ይወሰዳል፤ ውኃ ከምንጭ ይቀዳል፤ እንጨት ይለቀማል፤ ሊጡ ይቦካል፤ ቀን ይጠበቅለታል፤ ምጣዱ ይነሣል፤ እሳቱ ይነዳል፤ ጭሱ ዐይን ያጠፋል። ጉልበታቸው የከዳቸው እናት ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢያቅታቸው ሌላው ሁሉ ይቆማል። ውኃ ካልተቀዳ ጤፉ ምን ይሠራል?

«ልጆች የሏቸውም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ብዙዎቹ አሏቸው። አንዱ መካነ ሰላም፣ አንዱ ደሴ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ዓረብ አገር ናት። ክፉ ልጆች አይደሉም፤ ገንዘብም ይልካሉ። ብሩ ግን ራሱን አይጋግርም። ደግሞ በወግዲ ከደጋው ወደ ዓባይ በረሃ እየወረዳችሁ ስትሄዱ ቤቱ የተራራቀ ነው፤ በመካከሉ ወንዝና ገደል አለ። ጎረቤት ጭስ መውጣት አለመውጣቱን የሚያየው ከሩቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ይሉኝታ ነው። አረጋውያን «ራበኝ» አይሉም። ብትጠይቋቸው «በልቻለሁ ልጄ፣ ጠግቤአለሁ» ይሏችኋል። ስለዚህ እኔ ለልጆቼ ያስተማርኋቸው ዘዴ አለ፤ አፋቸውን ሳይሆን ምድጃቸውን ተመልከቱ። አመዱ ሞቃት ነው ወይስ ቀዝቅዟል? እንስራው ውኃ አለው? ድስቱ ታጥቦ የተደፋው ዛሬ ነው ወይስ ከትናንት ወዲያ?

የተረሱት መበለቶች

አሁን መጽሐፍ ቅዱሳችሁን አውጡና የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ክፈቱ። ከቁጥር 1 እስከ 6 አብረን እንየው።

በኢየሩሳሌም የነበሩት የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ጧሪ ለሌላቸው መበለቶች በየዕለቱ ምግብ ያድሉ ነበር። የሚያምኑት ሰዎች ቁጥር እየበዛ ሲሄድ ግን ማጉረምረም ተነሣ። ከሌላ አገር የመጡ፣ የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩ መበለቶች ከዕለቱ እደላ ይዘለሉ ጀመር። ልብ በሉ ልጆች፤ «ጠልተው ከለከሏቸው» አይልም። ሰው በዛ፣ ቋንቋው ተለያየ፣ እነርሱም ተዘለሉ። ማንም ክፉ ሳያስብ ሰው ሊራብ ይችላል ማለት ነው።

ሐዋርያት ይህን ሲሰሙ ምን አደረጉ? ሕዝቡን ሰበሰቡና በመልካም የተመሰከረላቸው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። የተመረጡትም እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜናና የአንጾኪያው ኒቆላዎስ ናቸው። ሐዋርያት ጸልየው እጃቸውን ጫኑባቸው። እንግዲህ የዲያቆናት ሹመት የጀመረው እንጀራ ለተረሱ አሮጊቶች ከማደል ነው። እኔ ራሴ ዲያቆን ሆኜ ስንት ዓመት ካገለገልሁ በኋላ ነው ይህን በደንብ ያስተዋልሁት። ጸናጽልና መቋሚያ ስይዝ ዲያቆን መሆኔን አውቅ ነበር፤ እንጀራ በሳህን ስይዝ ግን የልጅ ሥራ ይመስለኝ ነበር።

ከሰባቱ ውስጥ ፊልጶስ የሚለውን ስም አስምሩበት። ምዕራፍ 8ን ስታነቡ የንግሥት ሕንደኬ ባለሟል የሆነውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ በጋዛ መንገድ ያገኘውና ያጠመቀው እርሱ ነው። ከጃንደረባው በፊት የፊልጶስ ሥራ ማዕድ ነበረ።

የዕንባቆም ወጥ

ከእናንተ ብዙዎቹ ነቢዩ ዳንኤል በአንበሶች ጉድጓድ መጣሉን ታውቃላችሁ። ምሳውን ማን እንዳደረሰለት ግን ታውቃላችሁ? ይህ ታሪክ በተረፈ ዳንኤል ውስጥ አለ። ዳንኤል በባቢሎን በጉድጓድ ውስጥ 6 ቀን ቆየ፤ በጉድጓዱ 7 አንበሶች ነበሩ። በዚያን ጊዜ ነቢዩ ዕንባቆም በይሁዳ አገር ወጥ ሠርቶ፣ እንጀራ ፈትፍቶ፣ በእርሻ ላሉት አጫጆች ሊወስድ ተነሥቶ ነበር። መልአክ መጥቶ ያንን ምሳ ለዳንኤል ባቢሎን እንዲያደርስ አዘዘው። ዕንባቆምም ባቢሎንን አይቶ እንደማያውቅ፣ ጉድጓዱም የት እንዳለ እንደማያውቅ ተናገረ። ያን ጊዜ መልአኩ በራስ ጠጉሩ ይዞ አነሣውና ከጉድጓዱ አፋፍ አቆመው። ዳንኤልም እግዚአብሔር እንዳሰበው አውቆ አመሰገነ፤ ተነሥቶም በላ። መልአኩም ዕንባቆምን ወዲያው ወደ ስፍራው መለሰው።

ይህን ሳስተምር አንድ ልጅ እጁን አወጣና «የኔታ፣ አጫጆቹስ ምን በሉ?» አለኝ። ሁላችንም ሳቅን። መጽሐፉ ስለ አጫጆቹ አይናገርም። እኔ ግን የልጁን ጥያቄ ወደድሁት፤ ማዕድ ይዞ የሚሄድ ሰው እንዲህ ማሰብ አለበት። ለአንዱ ሲወሰድ ከማን እንደሚቀነስ መጠየቅ ነውር አይደለም። ስለዚህ እናንተም ምግብ ለመውሰድ ስትነሡ በመጀመሪያ ለእናታችሁ ንገሩ። ከቤት በስውር ተወስዶ የሚደርስ ምሳ ሌላ ሰው ያስርባል።

አገራችን ማዕድ ማድረስን ታውቃለች

«የኔታ፣ ምግብ ቤት ለቤት ማድረስ የፈረንጅ ሥራ ነው» ያለኝ ሰው አለ። አይደለም። እስቲ እናስብ። ሴት ልጅ ስትወልድ ጎረቤቶች ገንፎ ይዘው ወደ አራሷ ቤት ይሄዳሉ። ደቦ ሲወጣ ምሳው በአገልግል እርሻ ድረስ ይወርዳል። ሰንበቴ ያለበት አጥቢያ የታመመ ማኅበርተኛ ከቀረ ዳቦው ቤቱ ድረስ ይላክለታል። ሰው ሲሞት ደግሞ በለቅሶ ቤት እሳት ስለማይነድ ጎረቤት እንጀራና ወጥ ተሸክሞ ይመጣል። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በቅሬ ይረዳዳል፤ ቀባሪም አጉራሽም ቅሬ ነው።

እንግዲህ ለአራስ፣ ለአጫጅና ለለቀስተኛ ማዕድ እናደርሳለን። ለእነዚህ ሁሉ የታወቀ ቀን አላቸው። ከቤት ለማይወጡት አረጋዊት ግን የታወቀ ቀን የላቸውም። ስለዚህ ምን ይሆናል? በፋሲካ ቀን አምስት ሳህን ዶሮ ወጥ በአንድ ጊዜ ይመጣላቸዋል። ጥርስ የላቸውም፤ ከሁለቱ በቀር ይበላሻል። በሳምንቱ ማክሰኞ ግን ማንም አይመጣም። ከአራቱ ቤቶች ባንዱ የተነገረኝን ልንገራችሁ፤ «በዓል ሲመጣ እፈራለሁ፤ ሰው ሁሉ ይመጣና ከዚያ ወዲያ ይጠፋል» አሉኝ። ደግሞም አንድ ነገር ያሳዝነኛል። እኒህ እናት በሞቱ ቀን ሦስት ቀን ሙሉ ወደ ቤታቸው እንጀራ እንደሚጎርፍ አውቃለሁ፤ የሚበሉት ግን ለለቅሶ የመጡት ናቸው።

በከተማም የተደረገ አለ። በአዲስ አበባ አቶ ቢኒያም በለጠ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልን መሠረቱ። ስሙ የተወሰደው በሐዋርያት ሥራ 16፥9 ቅዱስ ጳውሎስ በራእይ ካየው፣ ተሻግሮ እንዲረዳቸው ከለመነው የመቄዶንያ ሰው ነው። ይህ ማዕከል በጎዳና የወደቁትን አንሥቶ ያኖራል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በመጣ ጊዜ ደግሞ በፋሲካ ሰሞን «ማዕድ ማጋራት» የሚል ጥሪ በአገሩ ሁሉ ተሰምቶ ብዙ ሰው ለጎረቤቱ አካፍሏል። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ ችግረኞች በቀን አንድ ጊዜ የሚመገቡባቸው የምገባ ማዕከላት ተከፍተዋል። መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ወደ ምገባ ማዕከል ለመሄድ እግር ያስፈልጋል። ወደ መቄዶንያ ለመግባትም ቤትን መተው ያስፈልጋል። የእኛ አረጋውያን ደግሞ «ከጣራዬ ሥር ልሙት» ይላሉ፤ ዶሮአቸውን፣ ደጃፋቸውን፣ የባላቸውን መቃብር ትተው መሄድ አይፈልጉም። ለእነርሱ ምግቡ ነው መሄድ ያለበት።

በሌላው ዓለም

እንግሊዞች ይህን ሥራ በማኅበር የጀመሩት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እንደ እነርሱ አቆጣጠር በ1943 ነው። በበጎ ፈቃድ የተሰለፉ ሴቶች የበሰለ ምግብ ለአረጋውያን ያደርሱ ነበር። መኪና ስላልነበራቸው አሮጌ የሕፃን ጋሪ ይገፉ ነበር፤ ምግቡ እንዳይቀዘቅዝም በጭድ ይሸፍኑት ነበር ይባላል። የእኛ እናቶች እንጀራውን በነጠላ እንደሚጠቀልሉት ማለት ነው።

በአውስትራሊያ ደግሞ ዶሪስ ቴይለር የተባለች ሴት ነበረች። በልጅነቷ ወድቃ ከተጎዳች በኋላ መራመድ ስለማትችል በተሽከርካሪ ወንበር ትኖር ነበር። እግር የሌላት እርሷ ለሌሎች ምግብ በእግር የሚያደርስ ማኅበር አቋቋመች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ፖርት አደላይድ በተባለ ቦታ ከተከፈተው ማእድ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ ያገኙት አረጋውያን 8 ብቻ ነበሩ፤ ያገለገሏቸው ደግሞ 11 ሰዎች ነበሩ። አስቡት፤ ከተመጋቢው አገልጋዩ ይበልጥ ነበር!

በዚያው ዓመት በአሜሪካ በፊላዴልፊያ ከተማም ተጀመረ። በዚያ ካገለገሉት አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ምግቡን ያዘጋጁ፣ ያሽጉና ያደርሱ ነበር። ሰዎችም «የሳህን መላእክት» የሚል ቅጽል አወጡላቸው። ለቀን የሚሆን አንድ ትኩስ ምግብና ለማታ የሚሆን ዳቦና ወተት አብረው ይሰጡ ነበር። ይህን የማታውን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የእኔ ታሪክ

ልጆች፣ አሁን የምነግራችሁን ለመጻፍ ሁለት ሳምንት አመንትቻለሁ። ግን መምህር ስለ ሰው ስሕተት ብቻ እያስተማረ የራሱን ቢደብቅ ደስ አይልም።

እናንተን ሳክል ከወንዝ ማዶ አንዲት እማሆይ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ ጭነው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ወገባቸው ጎብጦ ከደጃቸው አይርቁም። እናቴ በየቀኑ በእኔ እጅ ምሳ ትልክላቸው ነበር። ወሩ ታኅሣሥ፣ ጾመ ነቢያት ስለነበረ እማሆይ የሚበሉት በቀን አንድ ጊዜ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። እናቴም እንጀራ በሽሮ ፈትፍታ፣ ክዳን ባለው ሳህን አድርጋ፣ በጨርቅ ቋጥራ «ሳይቀዘቅዝ አድርስ» ትለኛለች።

ታኅሣሥ ደግሞ የገና ጨዋታ ወር ነው። አንድ ቀን ስሄድ ከወንዙ ወዲህ ባለው ሜዳ ጓደኞቼ ገና ይጫወታሉ። አንድ ሰው ጎድሏቸዋል። «አንድ ጊዜ ብቻ መትቼ እሄዳለሁ» ብዬ ሳህኑን ድንጋይ ላይ አስቀመጥሁ። አንድ ጊዜ የተባለው አንድ ሰዓት ሆነ። ዘወር ስል ውሻ ጨርቁን ፈትቶ ሳህኑን ይልሳል።

ምን ባደርግ ይሻለኝ ነበር? ሮጬ ወደ እናቴ ሄጄ እውነቱን ብነግራት ትቆጣለች፤ ምናልባትም ትገርፈኛለች፤ ግን ሌላ ትፈተፍት ነበር። እኔ ሳህኑን በወንዙ ውኃ አጠብሁና ቤት ገባሁ። እናቴ «በሉ?» አለችኝ። «በሉ» አልሁ። «ምን አሉህ?» አለችኝ። «‹እደግ ተመንደግ› ብለው መረቁኝ» አልኋት። ልጆች፣ ምርቃቱን እንኳ እኔ ነኝ የፈጠርሁት።

እማሆይ ትናንት ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እህል አልቀመሱም ነበር። እስከ ነገ ዘጠኝ ሰዓትም አልቀመሱም። ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። በማግሥቱ ሳህኑን ይዤ ወንዙን ተሻገርሁ። ደጁን ስገፋ በመጀመሪያ ያየሁት ምድጃውን ነው፤ አመዱ ነጭ ሆኖ ቀዝቅዟል። እማሆይ መደባቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። «ትናንት ምነው ቀረህ?» ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ እጃቸውን ዘርግተው ግንባሬን ዳበሱኝ። «ደኅና ነህ? ብትቀርብኝ ታመመ ብዬ ስሰጋ አደርሁ» አሉኝ።

እናቴ እስካሁን አታውቅም ነበር። ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁላት ታውቃለች።

እንዴት እናድርስ?

ወደ ሥራው እንምጣ። በክፍላችን ስንጀምር ብዙ ነገር ተበላሽቶብን ነበር፤ የተማርነውን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹ ቆሎና ድፎ ዳቦ ይዘው ሄዱ። አባባ በደስታ ተቀበሏቸው። በሦስተኛው ቀን ስንመለስ ቆሎው እንዳለ ነበር፤ አባባ አንድም ጥርስ የላቸውም፤ ይሉኝታ ይዟቸው ነው ዝም ያሉት። ጥርስ ለሌለው ሰው የሚሆነው በሽሮ የራሰ ፍትፍት፣ ቀጠን ያለ ገንፎ፣ የበሶ ጭብጦ በውኃ የላላ፣ አጥሚት ነው። ስለዚህ ምን እንደሚስማማቸው በቅድሚያ ይጠየቅ። ስኳር ወይም የደም ግፊት ያለባቸው እንደሆነ ማር፣ ስኳርና ጨው ስለሚከለከሉ ይህንንም ትልልቅ ሰዎች ይጠይቁላችሁ።

ሰዓቱንም ጠይቁ። በጾም ቀን በስድስት ሰዓት ምሳ ብታደርሱ እማሆይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይነኩትም፤ ቀዝቅዞ ይቆያል። ለታመመና በጣም ለደከመ ሰው የጾሙን ነገር የሚወስኑት የንስሐ አባታቸው ናቸው። እናንተ «ይብሉ፣ አይጾሙ» ብላችሁ እንዳትከራከሩ፤ ነገሩ ካሳሰባችሁ ለካህኑ ንገሩ።

ከአራቱ አረጋውያን አንዷ ሙስሊም እናት ናቸው። አንድ ልጅ «ለእርሳቸውም እንወስዳለን ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ወግዲ ተወልዶ ይህን መጠየቁ ገረመኝ! እርግጥ እንወስዳለን። ሥጋ ግን አንወስድም፤ የእኛን ሥጋ እርሳቸው አይበሉም፤ የእርሳቸውን እኛ አንበላም፤ ይህ አባቶቻችን ተከባብረው የኖሩበት ነው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ እንጀራው፣ ቡናው የጋራ ነው። በረመዳን ደግሞ የምናደርሰው ፀሐይ ስትጠልቅ ለማፍጠሪያ ነው። በዚያ ሰዓት ለልጆች ስለሚመሽ እኔ ራሴ ወይም የአንዱ ልጅ አባት እንወስዳለን።

ምግቡን ስትይዙ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሳህኑ ክዳን ይኑረው። ከጠዋት የዋለ ወጥ ከሆነ እናታችሁ እንደገና እስኪፈላ ታሙቀው። አጥሚት በፔርሙዝ ቢሆን ጥሩ ነው። ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ክረምት ወንዝ ሲሞላ ከትልቅ ሰው በቀር አትሻገሩ። ሳህኑንም ድንጋይ ላይ አታስቀምጡ!

ስትደርሱ ከደጅ ሆናችሁ «ቤቶች!» በሉ፤ «ግቡ» እስኪባል ጠብቁ። እጅ ነሥታችሁ ግቡ። የተኙ እንደሆነ ቀና ብለው ሳይቀመጡ አታጉርሷቸው፤ ትን ሊላቸው ይችላል። ጉርሻው ትንሽ ትንሽ ይሁን፤ ውጠው እስኪጨርሱ ጠብቁ። ውኃ ከጎናቸው መኖሩን እዩ፤ አረጋውያን ውኃ መጠጣት ይረሳሉ። ከተቻለም የማታው ነገር አብሮ ይሁን፤ እነዚያ የፊላዴልፊያ ተማሪዎች ያደርጉት እንደነበረው። አንድ ቁራሽ ለስላሳ ዳቦ ተከድኖ ቢቀመጥላቸው ሌሊቱ ያጥርላቸዋል።

ከዚያ ተቀመጡ። ይህን አትርሱ። ሳህን አስረክቦ መሮጥ የሚወዱ ልጆች አሉን፤ ራሳቸውን ያውቃሉ። አባባ ከእናንተ በፊት ያነጋገሩት ሰው ትናንት የመጣው ልጅ ሊሆን ይችላል። ስለ አህያው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ትምህርት ቤታችሁ ንገሯቸው። እነርሱም ያወሯችኋል። እግራቸው አብጦ፣ ሳላቸው ብሶ፣ ወይም ከትናንቱ ይልቅ ደክመው ካያችኋቸው ለወላጅ ወይም ለእኔ ንገሩ። ሐኪም የሚጠራው ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው።

ስለ ሳህኑ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም። እማማም የሚያኖሩበት ስላጡ ሳህኑን ሳይመልሱ ሦስት ቀን ያዙት፤ ልጆቹ ደግሞ «ሳህን ይወስዳሉ» ብለው አሙዋቸው። በመጨረሻ ስንሄድ በሳህኑ ላይ አንድ እንቁላል አስቀምጠው ጠበቁን። ያላቸው ዶሮ አንዲት ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳህኑን እዚያው አጥበን ወዲያው እንይዘዋለን፤ እንቁላል ከሰጡን ግን አንመልስም፤ ተቀብለን እናመሰግናለን።

ጥያቄዎች

በደብተራችሁ መልሱ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 መበለቶቹ የተዘለሉት ለምን ነበር? ከሰባቱ ውስጥ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ያጠመቀው ማን ነው? በጎተራቸው እህል ያላቸው አረጋዊት እንዴት ሊራቡ ይችላሉ? ከራሳችሁ ሰፈር ምሳሌ ስጡ፤ ስማቸውን ግን አትጻፉ። አራተኛው ጥያቄ በቃል ነው፤ ከእናንተ መካከል የዕንባቆም አጫጆች ምን እንደ በሉ የሚያስብልኝ ካለ ይንገረኝ።

የክፍላችን ተራ እንዲህ ወጥቷል። ሰኞና ማክሰኞ ከወፍጮው በላይ ያሉት ልጆች፣ ረቡዕ የመዘምራኑ ታናናሾች፣ ዓርብና ቅዳሜ የገበያው ሰፈር ልጆች፣ እሑድ ከሰንበቴው እኔ እወስዳለሁ። ሐሙስ ግን ገና ሰው የለውም። የሚችል ልጅ ከእናቱ ጋር ተነጋግሮ፣ ጓደኛም ይዞ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዋርካው ሥር ያግኘኝ።